ምራቴ ፌዘር ስትመርጥ

ስለ ምራቴ ማውራት ስጀምር የሰፈሩ ሰው «ደግሞ ጀመራቸው!» ይላል። ይበል። እነሱ የየራሳቸውን ምራት ሲያሙ ውለው ሲያመሹ እኔ አፌን ዘግቼ አይደል የሰማኋቸው? አሁን ተራው የእኔ ነው። የፈለገ ይስማ፣ ያልፈለገ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

ምራቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። እኔም መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ወደ ቤቴ የገባችው ተቀጥራ ነው። ልጄ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እሷ ከመጣች ወዲህ ከመንገድ ቶሎ ቶሎ መመለስ ጀመረ። «ምነው፣ ጭነት ጠፋ እንዴ?» ስለው ይሽኮረመማል። እንግዲህ የሆነው ሆነና ተጋቡ። እሱ ዛሬም መንገድ ላይ ነው የሚከርመው፤ ስለዚህ ከልጄ ይልቅ ከምራቴ ጋር ኖርኩ ብል አልዋሸሁም። የፊት ለፊቱ ክፍል የሥራ ቦታችን ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ የጨርቅ ጥቅል አለ። ወለሉ ክር አያጣም፤ ጠርገን ዞር ሳንል ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ጊዜ ለአንድ የሙዚቃ አዳራሽ የመድረክ መጋረጃ ሠራን። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ከባድ ከፋይ ጨርቅ፤ ስንሰቅለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየው። ምራቴ ከመሰላሉ ስትወርድ መድረኩ ጥግ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ይጫወታሉ። እኔ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ሽቦ የወጠሩ ነበር የመሰለኝ። እሷ ግን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ከላይ ያለውን ክር ትታ ተንበርክካ ከሥሩ ገባች። ሽማግሌው ደንግጠው «ምን ጠፋሽ ልጄ?» አሏት። «መርገጫ አለው እንዴ? ወይኔ፣ የጉልበትም አለው! ልክ እንደኛ መኪና!» ብላ ጮኸች። አፈርኩ። ሽማግሌው ግን እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ከዚያም ከወንበራቸው ተነስተው አስቀመጧት።

ፔዳል ስቲል ጊታር ይባላል። ጊታር ሲባል ደረት ላይ የሚታቀፈው እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው በአራት እግሩ ቆሞ እንደ ጠረጴዛ የተጋደመ ነው። ተጫዋቿ ከኋላው ትቀመጣለች፤ በግራ እጇ ለስላሳ ብረት ክሮቹ ላይ ታንሸራትታለች፣ በቀኝ ጣቶቿ ትመታለች። ከሥሩ ለግራ እግር መርገጫዎች፣ ለሁለቱ ጉልበቶች ደግሞ ወደ ጎን የሚገፉ ብረቶች አሉት። እነሱ ሲነኩ ክሩ ይጠብቃል ወይ ይላላል፤ ድምፁም እየተለመጠ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ቀኝ እግር ድምፅ መክፈቻና መዝጊያው ፔዳል ላይ ነው። ከአናት እስከ ጥፍር ሥራ የሚፈታ አካል የለም።

ሽማግሌው አስተማሯት። ወጣቱ ሁሉ ቆሞ የሚጫወተውን ጊታር ስለሚፈልግ የእሳቸውን የሚማር ጠፍቶ ነበር። ጣቶቻቸው እምቢ ሲሏቸው ሌላ ከተማ ወዳለች ልጃቸው ሄዱ፤ መሣሪያውን ለምራቴ ትተውላት። እሷም ሥራ ባለቀ ቁጥር ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጎን ተቀምጣ ታስለቅሰዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ድመት የተረገጠች ይመስል ነበር። «ኧረ በፈጠረሽ፣ ደንበኛ ታባርሪያለሽ!» እላት ነበር። ቆየት ብሎ ግን መጋረጃ ለማዘዝ የመጣ ሰው ልኬቱን ሰጥቶ ከጨረሰ በኋላም አልሄድ ማለት ጀመረ። ያኔ ጭቅጭቄን ተውኩ።

የእሷ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ በአዳራሹ ባንድ ውስጥ የሽማግሌው ወንበር ላይ መቀመጥ። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ የእሳቸውን ድምፅ ኪቦርድ ተጫዋቹ ቁልፍ እየተጫነ ነበር የሚያወጣው። የባንዱን አለቃ ብዙ ለመነችው፤ በመጨረሻ ቤታችን ድረስ መጣና ቆሞ ሰማት። ወዶታል፤ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ግን እንዲህ አላት፦

«እህቴ፣ እጅሽ ጥሩ ነው። የኛ ሕዝብ ቅዳሜ ማታ የሚመጣው ግን ለመክፈቻው ዜማ ነው። መሃሉ ላይ ድምፁ መዞር ይጀምራል፤ ሽማግሌው ያንን የሚያመጡት በፌዘር ነበር፤ እሱም ከተቃጠለ ቆየ። ቅዳሜ ጠዋት ያንን ድምፅ ይዘሽ ነይ። ካመጣሽው ወንበሩ ያንቺ ነው። ካልሆነ ኪቦርዱ ይቀጥላል፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ሰው ልይዝ አልችልም።»

እኔ ፌዘር ሲል የሚያፌዝብን መስሎኝ ደሜ ፈልቶ ነበር። ለካ ትንሽዬ የብረት ሳጥን ኖሯል፤ ወለል ላይ ተቀምጦ በእግር የሚበራ የሚጠፋ። ልጅ ሆናችሁ የሚሽከረከር ማራገቢያ ፊት አፋችሁን ከፍታችሁ «አአአ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ድምፁን እንደዚያ ያዞረዋል፤ በጣም ቀስ አድርጎና አሳምሮ።

በማግስቱ ሥራ ዘግተን ወደ ሙዚቃ ዕቃ መሸጫው ሄድን። መሣሪያውን ከነመያዣ ሻንጣው ተሸክመን ነው የሄድነው፤ ክብደቱ ወገቤን ቆረጠው። ባለሱቁ ጸጉሩን ከኋላ ያሰረ ጨዋ ሰው ነው። «ምነው ደከማችሁ፣ መሞከሪያ ጊታር እዚህ ሞልቶ የለ?» አለን።

«እሱ ላይ ቢያምር ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች ምራቴ፣ እግሮቹን እየገጣጠመች። «ያ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ነው። የእኔ ድምፁ የሚረዝም ነው።»

ባለሱቁ ሦስት ሳጥን አወጣ። የመጀመሪያው ትልቅ ነው፤ ማዞሪያው ብዛቱ፣ መብራቱ ደግሞ! ወዲያው ወደድኩት። እሱ ደረት ላይ በሚታቀፈው ጊታር ሲሞክረው ጉድ ነው፤ ሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ከዚያ ምራቴ ሰካችው። አንድ ድምፅ አውጥታ ብረቱን ቀስ እያለች አንሸራተተችና መንገድ ላይ ቆም አለች። ፊቷ ተጨማደደ።

«ጠፋኝ» አለች።

«ምኑ?» አለ ባለሱቁ።

«ቦታዬ። በሚታቀፈው ጊታር ጣትህን የምታሳርፍበት ቦታ ተለይቶ አለልህ። እኔ ግን የማገኘው በጆሮ ነው። ይሄ ሳጥን ድምፁን በጣም ስለሚያድበሰብሰው ትክክለኛው የት ጋ እንዳለ አልሰማ አለኝ። እንዲህ ሆኜ መድረክ ላይ ብወጣ ሳላውቀው ከዜማ እወጣለሁ።»

ባለሱቁ አንዱን ማዞሪያ ቢቀንስ፣ ሌላውን ቢጨምር ያው ሆነ። «ግን እኮ መብራቱ...» ብዬ ነበር እኔ። ሁለቱም ወደ ሁለተኛው ሳጥን ዞሩ።

ሁለተኛው ድምፁን አልሰወረባትም። ነገር ግን ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ቀርፋፋ ላይ ተደርጎም ይቸኩላል። እሷ አንዱን ድምፅ ስትስበው እሱ ደጋግሞ ይሽከረከርበታል። «እማማ፣ ሰሙት?» አለችኝ። «እኔ አንድ ነገር ተናግሬ ሳልጨርስ ይሄ መሃል እየገባ ያወራል።» እውነትም እኔን ራሱ አዞረኝ፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

ሦስተኛው ቀለሙ የተላጠ፣ አንድ ማዞሪያ ብቻ ያለው አሮጌ ነገር ነው። ባለሱቁ ሲያወጣው ራሱ እያፈረ ነበር፤ «ይሄ እንኳ ሰው ተጠቅሞበት የመለሰው ነው፣ ዝም ስትይ ሽሽሽ ይላል» አለ። ምራቴ ማዞሪያውን ወደ ታች አወረደችና አንድ ድምፅ ከፈተች። ድምፁ ወጣ፣ ሄደ፣ ብረቱ ወደ ላይ ሲንሸራተት መዞሩም አብሮ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ሊያልቅ ሲልም አብሮ ወረደ። አንዱ ድምፅ ሲያልቅ አንዱ ዙር አለቀ። ደግማ መታችው። ባለሱቁ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሽማግሌውን ሰምቻቸዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ይሄ እሳቸው ናቸው።»

ሽሽሽ የሚለው ሽውታ ግን እውነት ነበር፤ ዝም ስትል ይሰማል። እሷ ገመዶቹን አየች፣ አሰበች። «ሳጥኑን ከድምፅ መክፈቻው ፔዳል በፊት አድርግልኝ» አለችው። እሱም ገመዱን ነቅሎ ቦታ አቀያየረ። አሁን ቀኝ እግሯ ፔዳሉን ሲዘጋ ሽውታውም አብሮ ተዘጋ። ባለሱቁ እየሳቀ አጨበጨበላት። ትልቁን፣ አብረቅራቂውን ትቼ ያንን የተላጠ ነገር ታቅፌ ወጣሁ፤ ምን ላድርግ፣ ጆሮዬ አሸነፈኝ።

ቤት ስንገባ ነው ጉዱ የፈላው። ሱቅ ውስጥ ሳጥኑን የሚረግጥላት ባለሱቁ ነበር። በመክፈቻው ዜማ ግን መጀመሪያው ያለ ፌዘር ነው የሚሄደው፣ ከዚያ በአንዲት ቅጽበት ሊበራ ይገባል። በዚያች ቅጽበት ግራ እግሯ መርገጫ ይዟል፣ ጉልበቶቿ ብረት ይዘዋል፣ እጆቿ ክር ላይ ናቸው። ቀኝ እግሯ ከፔዳሉ ላይ ከተነሳ ድምፁ ከቁጥጥሯ ይወጣል። «በምኔ ልርገጠው? በአፍንጫዬ?» አለች።

መላ ብለን ያመጣነው ነገር ከሰፊ በቀር ማንም አያስበውም። የስፌት መኪናችን የመርፌውን እግር የሚያነሳው በቀኝ ጉልበት በሚገፋ ብረት ነው። እኛም ሳጥኑን እንደዚያው ቀኝ ጉልበቷ ጎን አስረን ሰቀልነው። ጎበዝ አልን፣ ተሳሳቅን። መጫወት ስትጀምር ለካ ያው ጉልበት ለዜማውም ይገፋል! ድምፁን በለመጠችው ቁጥር ፌዘሩ ቋ ብሎ ይበራል፣ ቋ ብሎ ይጠፋል። ሳቁ ወዲያው ጠፋ። ጭንቅላቷን ክሮቹ ላይ ደፍታ «እማማ፣ ሊቀርብኝ ነው» አለች። አንጀቴን በላችው።

«ቀና በይ!» አልኳት። «ሞቼ ነው እንዴ? እኔ እግር የለኝም?»

ጫማዬን አውልቄ ከጎኗ ዝቅ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ እኛ ሥራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትልቅ መጋረጃ ብቻውን በተቀመጠ ሰው አይሰፋም። አንዷ ከፊት ሆና ጨርቁን ለመርፌው ትሰጣለች፤ ሌላዋ ከኋላ ቆማ እየተቀበለች ትስባለች። ቀድማ ከሳበች መርፌው ይሰበራል፣ ከዘገየች ጨርቁ ይጨማደዳል። መኪናው እየጮኸ «ሳቢ፣ ተዪ» መባባል የለም። እኔ የማየው ቁርጭምጭሚቷን ነው፤ ልታቆም ስትል ተረከዟ ዝቅ ይላል። የድምፅ ፔዳሉም ሲዘጋ ያው ተረከዝ ነው የሚወርደው። ተረከዙ ወርዶ ጣቶቿ ተመልሰው ከመጫናቸው በፊት ያለችው ቀዳዳ ትንሽ ናት፤ በእሷ ውስጥ ከተረገጠ ቋ የሚለውም አይሰማም፣ ቀጣዩም ድምፅ ከመነሻው እየዞረ ይወጣል። እስከ ቅዳሜ እየደጋገምን ሠራነው። አንድም ጊዜ «አሁን» አላለችኝም።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ባዶ ነው፣ ወንበሮቹ ተደራርበዋል፤ ያ የኛ መጋረጃ ግን እንዳማረበት ነው። ባንዱ መድረክ ላይ ነበር። ምራቴ መሣሪያዋን ስትገጥም እኔ ዱካዬን ይዤ ከጎኗ ስቆም አለቃው አየኝ።

«እማማስ?»

«ፌዘሩን የምረግጠው እኔ ነኝ» አልኩት።

ከበሮ መቺው ሳቁን አፈነ። አለቃው በትህትና «እማማ፣ ክብርዎ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ መድረክ ላይ አማት አስቀምጬ ሕዝቡ ምን ይለኛል? ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ልጅ ከጎኗ ነው የሚቆመው፤ እሱ ይረግጥላታል። እርስዎ ከታች ሆነው ይስሙ» አለኝ። ምራቴ ልትናገር ስትል እኔ በዓይኔ ገታኋት። ወንበሩን እንዳታጣ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ወረድኩ።

ጀመሩ። መጀመሪያው እንዴት ያምራል! ቦታው ሲደርስ ያ ቀውላላ ቤዝ ተጫዋች በምቱ ላይ ረገጠ፤ እሷ ገና ድምፁን አልዘጋችም። ቋ! ያለው በድምፅ ማጉያው ወጣ። አለቃው ፊቱን አኮሳተረ። «አንገትሽን ነቅነቅ አድርጊልኝ» አላት ልጁ። ደገሙ። አንገቷን ስትነቀንቅ ዓይኗ ከብረቱ ላይ ተነሳ፣ ድምፁም ዝቅ ብሎ ተበላሸ፤ እሱም ዘግይቶ ረገጠ። ሦስተኛ ደገሙ። ይባስ። ልጁ ራሱ «እኔ በምት ነው የምሄደው፣ እሷ በሌላ ነገር ነው የምትሄደው፤ አልያዝኩትም» አለ፤ ሐቀኛ ልጅ ነው። አለቃው ሰዓቱን አየ፣ ቀጥሎ ኪቦርድ ተጫዋቹን አየ። እሱም እጁን ቁልፎቹ ላይ አስቀመጠ።

ምራቴ ብረቱን ልታስቀምጥ ስትል ከታች አየኋት። እንግዲህ ክብሬም ይቅር፣ የሕዝቡም ወሬ ይቅር! ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት እኔ አላውቅም። ዱካዬን ጎትቼ ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ አለቃው።

«ሥራዬን!» አልኩት። «ቀጥሉ!»

ማን ያስነሳኛል? ከበሮ መቺው ቆጠረና ጀመሩ። ዓይኔን ተረከዟ ላይ ተከልኩ። አዳራሽ አላየሁ፣ ሰው አላየሁ። መጀመሪያው ሄደ፣ ሄደ፣ ድምፁ እየቀጠነ ተዘጋ፣ ተረከዟ ወረደ። ረገጥኩ። ቀጣዩ ድምፅ ሲከፈት ከመነሻው እየዞረ ወጣ፤ ብረቱ ሲወጣ አብሮ ወጣ፣ ጉልበቷ ሲገፋ አብሮ ተለመጠ፣ ሰፊው አዳራሽ ውስጥ ቀስ ብሎ ዞረ። ኪቦርድ ተጫዋቹ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ። እንደገና ተረከዟ ወረደ፣ እንደገና ረገጥኩ፤ መዞሩ ቆመና ዜማው ንጹሕ ሆኖ አለቀ።

አለቃው ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ነበር፤ ሲዞር ዓይኑ እርጥብ ነው። ወደ አዳራሹ ሠራተኛ ጮኸ፦

«ለስቲል ጊታሩ ሁለት ወንበር አምጣ! ከዛሬ ጀምሮ መክፈቻው የእነሱ ነው።»

«እማማ፣ ባንዱ ውስጥ ገባን!» አለች ምራቴ፤ «ገባን እኮ!» ብረቱን እንኳ ሳታስቀምጥ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ? ልጄን ስወልድ እንደዚያ አልኮራሁም፤ ይስማ፣ አይከፋውም፣ እሱም ይሄንኑ ነው የሚለው። ሠራተኛው አንድ የሚንቀጠቀጥ በርጩማ ይዞ መጣና አጠገቤ አስቀመጠ።

«ኧረ መደገፊያ ያለው አምጣ፣ ልጄ!» አልኩት። «ቅዳሜ ቅዳሜ የምቀመጥበት ነው።»